ኤችአይቪ እንዴት ይተላለፋል፣ እንዴትስ አይተላለፍም? ከዕለት ተዕለት ኑሮ እስከ እርግዝናና ጡት ማጥባት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ፤ ስለ እርግዝና ብቻ ማወቅ የፈለገ ሰው ወደ ታች ወርዶ ከዚያ መጀመር ይችላል።

ኤችአይቪ በምን በምን ይተላለፋል?

ቫይረሱ ሌላ ሰው ለመያዝ በሚበቃ መጠን የሚገኘው በደም፣ በወንድ የዘር ፈሳሽና ከእሱ ቀድሞ በሚወጣው ፈሳሽ፣ በሴት ብልት ፈሳሽ፣ በፊንጢጣ ውስጥ ባለው ፈሳሽ እና በጡት ወተት ውስጥ ነው። ምራቅ፣ ላብ፣ እንባና ሽንት ደም ካልተቀላቀለባቸው በስተቀር አያስተላልፉም።

ፈሳሹ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፤ መግቢያ ማግኘት አለበት። መግቢያው የብልት፣ የፊንጢጣ ወይም የአፍ ውስጠኛ ስስ ሽፋን፣ ያልዳነ ቁስል፣ ወይም መርፌ የከፈተው ቀዳዳ ነው። ጤነኛ ቆዳ ቫይረሱን አያሳልፍም። በተግባር መተላለፊያዎቹ አራት ናቸው፦ ጥንቃቄ የጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ መርፌና ስለታም ነገር መጋራት፣ ያልተመረመረ ደም መውሰድ፣ እና ከእናት ወደ ልጅ። አንድ አጋጣሚ ሲያስጨንቅዎ ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ከእነዚህ ፈሳሾች አንዱ ነበር ወይ? መግቢያስ አግኝቷል ወይ? ከሁለቱ አንዱ ከሌለ መተላለፍም የለም።

አብሮ መብላት፣ አንድ ቤት መኖር፣ መጸዳጃ ቤት መጋራትስ?

አያስተላልፍም። በአንድ ሳህን መብላት፣ በአንድ ብርጭቆ መጠጣት፣ መጨባበጥ፣ መተቃቀፍ፣ ልብስና ፎጣ መዋዋስ፣ አብሮ መዋኘት፣ ሳልና ማስነጠስ ሁሉ ከስጋት ውጭ ናቸው። ቫይረሱ ከሰው አካል ውጭ አይራባም፤ ያረፈበት ፈሳሽ ሲደርቅም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የመያዝ አቅሙን በአብዛኛው ያጣል። ኤችአይቪ ላለበት ሰው ሳህንና ኩባያ መለየት ማንንም አይጠብቅም። ሰውየውን ግን ይጎዳዋል፤ መድኃኒቱን ተደብቆ እንዲወስድ፣ አንዳንዴም ጨርሶ እንዲተወው ያደርጋል።

በቤት ውስጥ ደም ከፈሰሰ ጓንት አጥልቆ በጨርቅ ወይም በወረቀት መጥረግ ነው። ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ቦታው ላይ ማፍሰስ፣ 10 ደቂቃ ማቆየት፣ መወልወል።

ትንኝ ያስተላልፋል?

አያስተላልፍም። ትንኝ ስትነድፍ ወደ ሰው የምታስገባው የራሷን ምራቅ እንጂ ከሌላ ሰው የጠጣችውን ደም አይደለም። ወባ በትንኝ የሚተላለፈው ተውሳኩ በሆዷ ውስጥ አድጎ እስከ ምራቅ ዕጢዋ ስለሚደርስ ነው። ኤችአይቪ ግን የሚራባው በሰው ሕዋስ ውስጥ ስለሆነ ትንኟ ሆድ ውስጥ ከደሙ ጋር ተፈጭቶ ይጠፋል። ቁንጫም ትኋንም እንዲሁ።

መሳሳምስ? ንክሻስ? ለሕፃን ምግብ አላምጦ ማጉረስስ?

መሳሳም አያስተላልፍም። ስጋት ሊነሳ የሚችለው በጥልቅ ሲሳሳሙ የሁለቱም ሰዎች ድድ ወይም አፍ እየደማ ከሆነ ብቻ ነው፤ ያም እጅግ ብርቅ ነው። ንክሻም ሥጋ ቀዶ ደም ከደም ጋር ካላገናኘ በስተቀር አያሰጋም።

ብዙ ሰው የማያስበው ሦስተኛውን ነው። ቫይረሱ ያለበትና ድዱ የሚደማ አሳዳጊ ምግብ አላምጦ ለሕፃን ሲሰጥ ኤችአይቪ የተላለፈባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች ተመዝግበዋል። ቫይረሱ ያለው በምራቁ ሳይሆን በደሙ ነው። ምግቡን በማንኪያ ወይም በሹካ ማድቀቅ ችግሩን ጨርሶ ያስቀረዋል።

ምላጭ፣ መርፌና ጥፍር መቁረጫ እኩል አደገኛ ናቸው?

አይደሉም። የመርፌና የሲሪንጅ ውስጥ ክፍት ስለሆነ ደም ይዞ ይቆያል። ያ ደም ቶሎ አይደርቅም፤ እንደ ሙቀቱ ሁኔታ ቫይረሱ ሲሪንጅ ውስጥ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ቫይረሱ ካለበት ሰው ጋር በአንድ መርፌ መወጋት ከ10,000 ጊዜ በ63ቱ ገደማ እንደሚያስተላልፍ ይገመታል። በሥራ ላይ ሳለ በድንገት በመርፌ የተወጋ የጤና ባለሙያ ግምቱ 23 አካባቢ ነው።

ምላጭና ጥፍር መቁረጫ ላይ ያለ ደም በገጽታው ላይ ብቻ ስለሚሆን ቶሎ ይደርቃል፤ አደጋውም ከመርፌ በጣም ያነሰ ነው። ቢሆንም ትኩስ ደም የነካው ምላጭ ወዲያው ሌላ ሰው ከቆረጠ መግቢያም ፈሳሽም ተገናኙ ማለት ነው። ስለዚህ ምላጭ ለየራስ ይሁን፤ ጆሮ መብሻና መነቀሻ መርፌ አዲስ ይሁን፤ እትብት የሚቆረጥበትም ምላጭ ገና ከወረቀቱ የወጣ መሆን አለበት። ሌላም ምክንያት አለ፤ የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከአካል ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ስለሚቆይ በስለት ከኤችአይቪ በጣም በቀለለ ይተላለፋል።

አንድ ጊዜ ብቻ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ባደርግ ይይዘኛል?

ሊይዝ ይችላል፤ የግድ ግን አይደለም። መድኃኒት ከማይወስድ ሰው ጋር በሚደረግ አንድ ግንኙነት አማካይ ግምቱ ይህን ይመስላል፦ በሴት ብልት በኩል ከ10,000 ጊዜ ለሴቷ 8፣ ለወንዱ 4፤ በፊንጢጣ በኩል ለተቀባዩ 138፣ ለሌላኛው 11። የፊንጢጣ ሽፋን ስስና በቀላሉ የሚሰነጠቅ በመሆኑ ነው ልዩነቱ ይህን ያህል የሰፋው።

እነዚህ ቁጥሮች አማካይ ናቸውና ሊያዘናጉ አይገባም። ሰው ኤችአይቪ በያዘው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ በደሙ ያለው ቫይረስ እጅግ ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ራሱም መያዙን የማያውቀው ያኔ ነው። እንደ ቂጥኝና ሄርፒስ ያሉ ቁስል የሚያወጡ የአባላዘር በሽታዎች ደግሞ ከሁለቱም ወገን በር ይከፍታሉ። በአንድ ግንኙነት የተያዘ ሰው አለ፤ ለዓመታት አብሮ ኖሮ ያልተያዘም አለ። ያመለጠው ሰው ግን የተለየ ደም ስላለው ነው ብሎ መደምደም በሚቀጥለው ቀን ሊያስይዘው ይችላል።

በአፍ የሚደረግ ግንኙነት አደጋው በጣም አነስተኛ ነው። የሚጨምረው አፍ ውስጥ ቁስል ካለና የዘር ፈሳሽ አፍ ውስጥ ከፈሰሰ ነው።

ኮንዶም ተጠቅሞ የሚያዝ ሰው ለምን ይኖራል?

ብዙውን ጊዜ ችግሩ አጠቃቀሙ ነው። የተለመዱት ስህተቶች እነዚህ ናቸው፦ ግንኙነት ከተጀመረ በኋላ ማጥለቅ፤ ጫፉ ላይ ያለውን አየር ቆንጥጦ አለማስወጣት፤ ሁለት ደርቦ መልበስ (ሲፋተጉ ይቀደዳሉ)፤ ከፈሰሰ በኋላ ብልት እስኪለሰልስ ውስጥ መቆየትና ሲወጣ ሥሩን አለመያዝ። ኪስ ቦርሳ ውስጥ ለወራት የቆየ ወይም ሙቀት የበዛበት ኮንዶም ይደክማል፤ የአገልግሎት ቀኑም መታየት አለበት።

ቫዝሊን፣ የሰውነት ቅባትና የምግብ ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን በደቂቃዎች ውስጥ ያዳክማሉ። ማለስለሻ ካስፈለገ በውሃ ወይም በሲሊኮን የተሠራ ይሁን።

ኮንዶም ተቀደደ፣ ተደፈርኩ ወይም በመርፌ ተወጋሁ። ምን ላድርግ?

ጊዜ አይጥፋ። በ72 ሰዓት ውስጥ የሚጀመርና ለ28 ቀን በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ፔፕ ይባላል። 72 ሰዓት የመጨረሻው ገደብ እንጂ ቀጠሮ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የጀመረ ሰው የተሻለ ይጠበቃል፣ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን ጥቅሙ አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ተገቢ ነው።

መርፌ የወጋዎትን ቦታ በሳሙናና በውሃ ይጠቡ፤ አይጭመቁት፣ በረኪና ወይም አልኮል አያፍስሱበት። ዓይን ውስጥ ደም ከገባ በብዙ ንጹህ ውሃ ይታጠብ። ከግንኙነት በኋላ ብልትን ወይም ፊንጢጣን ወደ ውስጥ ማጠብ ሽፋኑን ስለሚያቆስል ጉዳቱ ያመዝናል። እንዲህ ያለ ስጋት ደጋግሞ የሚያጋጥመው ሰው ፕሬፕ የሚባለውን፣ አስቀድሞ የሚወሰደውን መከላከያ ይጠይቅ። በየቀኑ በትክክል ከተወሰደ በግንኙነት መያዝን 99 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ከስጋቱ በኋላ በስንት ቀኔ ብመረመር ውጤቱ ይታመናል?

ጣት ተወግቶ የሚሠራው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ለቫይረሱ የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ ከ23 እስከ 90 ቀን ይፈልጋል። ከክንድ ደም ተወስዶ ፀረ እንግዳ አካሉንም የቫይረሱን ክፍልም አብሮ የሚፈልገው የላቦራቶሪ ምርመራ ከ18 እስከ 45 ቀን፣ የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ደግሞ ከ10 እስከ 33 ቀን ይበቃዋል። በሳምንቱ ተመርምሮ ኔጌቲቭ መባል ስለዚያ ሳምንት ምንም አይናገርም። ፔፕ የወሰደ ሰው የሚቆጥረው መድኃኒቱን ከጨረሰበት ቀን ጀምሮ ነው።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያስተላልፋል?

መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰደ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ የደረሰና እዚያው የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም። ይህ ለማጽናናት የተባለ ቃል አይደለም። ፓርትነር በተባለው ጥናት አንዳቸው ኤችአይቪ ያለባቸው ጥንዶች 58,000 ገደማ ጊዜ ያለ ኮንዶም ግንኙነት አድርገው ከመድኃኒት ተጠቃሚው ወደ አጋሩ የተላለፈ አንድም አልተገኘም። በጥናቱ የተወሰደው ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ200 በታች ቫይረስ ነው።

ሁለት ነገር ግን ይለይ። መድኃኒት መጀመርና መጠኑ መውረድ አንድ አይደሉም፤ ለመውረድ እስከ 6 ወር ሊወስድ ስለሚችል እስኪረጋገጥ ድረስ ኮንዶም አይቀርም። መድኃኒቱ ከተቋረጠም ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበዛል።

እናት ኤችአይቪ ካለባት ልጇ የግድ ይያዛል?

አይደለም። ምንም ዓይነት ሕክምና ባይኖር እንኳ ከ100 ልጆች የሚያዙት ከ15 እስከ 45 ናቸው። እናት መድኃኒት እየወሰደች ጡት ስታጠባ ይህ ቁጥር ከ5 በታች ይወርዳል። ከማርገዟ በፊት ጀምራ፣ ቫይረሱ በማይታይ ደረጃ ላይ ሆና አርግዛ እንደዚያው ከወለደች ደግሞ በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚተላለፈው ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። ኤችአይቪ ያለባት ሴት ጤነኛ ልጅ መውለድ ትችላለች። አትውለጂ የሚላት ባለሙያ ካጋጠማት ሌላ ባለሙያ ትጠይቅ።

የእናትና የጽንስ ደም ካልተቀላቀለ እንዴት ይተላለፋል?

እውነት ነው፣ ደማቸው በቀጥታ አይቀላቀልም፤ እንግዴ ልጁ በመካከል ሆኖ ምግብና አየር ያሳልፋል፣ ቫይረሱን በአብዛኛው ያግዳል። ለዚህ ነው ያለ ሕክምናም ቢሆን በማህፀን ውስጥ የሚያዙት ከ100 ከ5 እስከ 10 ብቻ የሆኑት። እንግዴ ልጁ ሲታመም፣ ሲቆጣ ወይም ሲላቀቅ፣ ወይም የእናት ቫይረስ በጣም ሲበዛ ግን አጥሩ ይሳሳል።

ትልቁ ስጋት ያለው ምጡ ላይ ነው፤ ያለ ሕክምና ከ100 ከ10 እስከ 20 ልጆች የሚያዙት ያኔ ነው። ማህፀን ሲኮማተር ጥቂት የእናት ደም ወደ ልጁ ይገፋል፤ ልጁም ሲወጣ ዓይኑና አፉ ደምና የብልት ፈሳሽ ይነካዋል። የእንሽርት ውሃ ፈስሶ ምጡ በዘገየ ቁጥር ይህ ንክኪ ይረዝማል። ቀሪው ስጋት በጡት ወተት በኩል ነው። ይህን ያነሳነው በምክንያት ነው። ከፊሉን ጊዜ ያመለጣት እናት፣ ለምሳሌ በ8ኛ ወሯ ያወቀች፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው ማለት የለባትም። አብዛኛው ሊከላከሉት የሚቻለው ስጋት ገና ከፊቷ ነው።

መድኃኒቱ ጽንሱን አይጎዳም? አይረን ከምወስደው ጋርስ ይጋጫል?

አሁን በብዙ አገሮች ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ እንክብል በቀን አንድ ጊዜ ነው። በ2018 ቦትስዋና ውስጥ ከተካሄደ ክትትል ዶሉቴግራቪር የጽንሱን አከርካሪ ሊጎዳ ይችላል የሚል ስጋት ተነስቶ ነበር። ብዙ ተጨማሪ ወሊዶች ሲታዩ ልዩነቱ እየጠበበ ሄደ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 መድኃኒቱን እርጉዞችን ጨምሮ ለሁሉም መከረ። የድሮውን ወሬ ሰምታ መድኃኒት ያቋረጠች እናት ልጇን ለእውነተኛው አደጋ ታጋልጣለች።

አይረንና ካልሲየም ግን በእርግጥ ትኩረት ይፈልጋሉ። በባዶ ሆድ አብረው ሲወሰዱ ዶሉቴግራቪርን ጨጓራና አንጀት ውስጥ አስረው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል፤ እናት አንድም ቀን ሳታጓድል እየዋጠች ቫይረሱ አልወርድ ሊላት ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዶሉቴግራቪሩን ከአይረኑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መውሰድ፣ አለዚያም ሁለቱንም ከምግብ ጋር አብሮ መውሰድ።

በኦፕራሲዮን መውለድ አለብኝ?

በአብዛኛው አያስፈልግም። የሚወስነው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚለካው የቫይረስ መጠን ስለሆነ ከ34ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ያንን ምርመራ ጠይቀው ያሠሩ። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1,000 በላይ ከሆነ ወይም ካልታወቀ፣ ቀዶ ሕክምናው በደህና ሊሠራ በሚችልበት ቦታ ምጥ ሳይጀምር በ38ኛው ሳምንት መውለድ ስጋቱን ይቀንሳል። ከዚያ በታች ከሆነ በምጥ መውለድ ይቻላል፤ በተለይ መጠኑ የማይታይ ከሆነ ለኤችአይቪ ብሎ መቀደድ ለልጁ የሚጨምረው ነገር የለም። ምጥ ላይም የዕለቱ መድኃኒት በሰዓቱ ይወሰዳል።

ጡት ላጥባ ወይስ ልተው?

ንጹህ ውሃና የማያቋርጥ የዱቄት ወተት አቅርቦት ባለበት ጡት አለማጥባት በወተት በኩል ያለውን ስጋት ዜሮ ያደርገዋል። ያ በማይረጋገጥበት ቦታ ግን ሕፃናትን ተቅማጥና የሳንባ ምች ይገድላቸዋል፤ ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው እናት መድኃኒቷን እየወሰደች የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ጡት ብቻ፣ ከዚያ ተጨማሪ ምግብ እየሰጠች ቢያንስ እስከ 12 ወር፣ እስከ 24 ወርም እንድታጠባ ነው። ቫይረሱ የማይታይ ሲሆን በወተት የሚተላለፈው በጣም ጥቂት ነው፤ ሆኖም እንደ ግብረ ሥጋ ግንኙነቱ ዜሮ ነው አይባልም።

ከ6 ወር በፊት ውሃ፣ የላም ወተት ወይም ገንፎ መጨመር የሕፃኑን ስስ አንጀት ያቆጣዋል፤ ቫይረሱ የሚያልፍበትን ክፍተትም ይፈጥራል። አንድ ቀን ተሳስቶ ውሃ የቀመሰ ልጅ ግን ጡት ይከልከል አይባልም፤ ወደ ጡት ብቻ መመለስ ነው። የጡት ጫፍ ከተሰነጠቀና ከደማ፣ ወይም ጡት አብጦ መግል ከያዘ፣ ከዚያኛው ጡት አልቦ መድፋት፣ በደህናው ማጥባት፣ ሳይውል ሳያድር መታከም ያስፈልጋል። የሕፃኑም አፍ ነጭ ቁስል ካወጣ ይታከም።

ልጄ ተመርምሮ ፖዘቲቭ ተባለ። ተይዟል ማለት ነው?

የትኛው ምርመራ እንደተሠራ ይጠይቁ። የእናት ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ አልፎ ወደ ሕፃኑ ስለሚገባና እስከ 18 ወር ሊቆይ ስለሚችል፣ ተራው ፈጣን ምርመራ ቫይረስ የሌለበትን ሕፃንም ፖዘቲቭ ሊለው ይችላል። ለሕፃን የሚሠራው ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ ነው፤ ከተረከዙ በተወሰደ ደም ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 ወር ይሠራል። የመጨረሻው በፀረ እንግዳ አካል ምርመራ የሚሠራው ደግሞ በ18 ወር ወይም ጡት ከተወ 3 ወር በኋላ፣ ከሁለቱ በዘገየው ነው።

ሕፃኑ ከተወለደ በሰዓታት ውስጥ ኔቪራፒን የሚባለውን የኤችአይቪ መከላከያ ሽሮፕ ይጀምራል፤ በተለመደው ለ6 ሳምንት፣ ስጋቱ ከፍ ላለ ልጅ ሁለት መድኃኒት እስከ 12 ሳምንት። በ6 ሳምንት ኔጌቲቭ መባሉ የእርግዝናውንና የወሊዱን ጊዜ ይዘጋል፣ የጡት ማጥባቱን ግን አይዘጋም፤ ብዙ ቤተሰብ ክትትሉን የሚያቆመው በስህተት እዚህ ላይ ነው። ቫይረሱ ከተገኘበት ደግሞ መድኃኒት በዚያው ቀን ይጀመር፤ ሳይታከሙ ከሚቀሩት ሕፃናት ግማሾቹ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ።

እርግዝና ስጀምር ኔጌቲቭ ነበርኩ። ልጄ እንዴት ሊያዝ ይችላል?

በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ በአዲስ የተያዘች እናት ቫይረሱ በጣም በሚበዛበት ወቅት ላይ ናት፤ መያዟን ስለማታውቅም መድኃኒት አትወስድም። ለልጅ ከሁሉ የከፋው ሁኔታ ይህ ነው። በመጀመሪያው ክትትል የተሠራ ምርመራ የዚያን ቀን መልስ ብቻ ስለሆነ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት መድገም፣ እያጠቡም መመርመር ይገባል። ባልም አብሮ ይመርመር፤ የእሱ ውጤት የልጁም ጉዳይ ነው።

ቫይረሱ ያለው በአባት ላይ ብቻ ከሆነስ? ልጅ እንፈልጋለን።

ኤችአይቪ ከአባት በቀጥታ ወደ ጽንስ አይሄድም፤ ልጁ የሚያዘው እናቱ ከተያዘች ብቻ ነው። ስለዚህ ሥራው እሷን መጠበቅ ነው። አባት መድኃኒቱን ይወስዳል፣ የቫይረሱ መጠን የማይታይ መሆኑ ሳይቆራረጥ ቢያንስ ለ6 ወር ይረጋገጣል፣ ከዚያ እንቁላል በምትወጣባቸው ቀናት ያለ ኮንዶም ይገናኛሉ። መጠኑ ካልተለካ ወይም መድኃኒቱን አልፎ አልፎ የሚዘል ከሆነ እናት ከመሞከራቸው በፊት ፕሬፕ ትጀምር፤ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም መውሰድ ትችላለች። ካረገዘች በኋላ መጠንቀቅ አበቃ ማለት አይደለም፤ አባት መድኃኒቱን ካቋረጠ ኮንዶም ወዲያው ይመለሳል፣ እሷም ትመረመራለች።